ወይዘሪት ጁሊያ ላትሮፕና የሕፃናት ፍርድ ቤት

የተሰነጠቀ ግድግዳ እንዲጠግን የተጠራ መሐንዲስ ስንጥቁን ከመለሰኑ በፊት መሠረቱንና አፈሩን ይመረምራል። ጉዳቱ የሚታየው ከላይ ቢሆንም መንሥኤው ከሥር ሊሆን ይችላልና። ለሙያ ባልደረቦቻችን እንግዳ ያልሆነው ይህ ሥርዓት ወደ ሕፃናት ችሎት የገባው ግን በብዙ ድካም ነው። ከደከሙትም መካከል አሜሪካዊቷ ወይዘሪት ጁሊያ ላትሮፕ በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳሉ።

ወይዘሪት ጁሊያ በ1858 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ግዛት በሮክፎርድ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ጠበቃና የሕዝብ እንደራሴ ነበሩ። በ1880 ከቫሳር ኮሌጅ ተመርቀው በአባታቸው ጽሕፈት ቤት ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ፣ በ1890 ወደ ቺካጎ ሄደው በድሆችና በስደተኞች ሰፈር መካከል በነበረው ሀል ሀውስ በተባለው የማኅበራዊ አገልግሎት ቤት መኖር ጀመሩ። በ1893 የግዛቱ የበጎ አድራጎት ቦርድ አባል ሆነው ሲሾሙ የ102ቱን አውራጃዎች የድሆች መጠለያ እየዞሩ ተመለከቱ። በዚያም ሕፃናት፣ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ያለ ልዩነት ተቀላቅለው ሲኖሩ አዩ። በወህኒ ቤትም ልጆች ከጎልማሳ ወንጀለኞች ጋር ይታሰሩ ነበር።

ወይዘሪት ጁሊያና ጓደኞቻቸው ባደረጉት ጥረት በ1899 የኢሊኖይ ምክር ቤት የሕፃናት ፍርድ ቤት ሕግ አወጣ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የመጀመሪያው ችሎት በቺካጎ ተከፈተ። ሕጉ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወህኒ እንዳይታሰር ከለከለ። ልጁን በቤቱ ሳለ የሚከታተሉ የአመክሮ ሠራተኞች እንዲሾሙም ፈቀደ፤ ነገር ግን ከመንግሥት ገንዘብ ደመወዝ እንዳይከፈላቸው ደነገገ። ስለዚህ በጎ ፈቃደኞች ኮሚቴ አቋቁመው ገንዘብ እያሰባሰቡ ደመወዛቸውን ይከፍሉ ነበር።

ዐሥር ዓመት ሲሞላው ግን አንድ ጉድለት ጐልቶ ታየ። አንዳንዶቹ ልጆች ምክርና ክትትል ቢያገኙም ተመልሰው ወደ ችሎቱ ይመጡ ነበር፤ ዳኛውም ምክንያቱን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በ1909 ኤተል ደመር የተባሉ ባለጸጋ ለአምስት ዓመት ወጪውን ሸፍነው፣ ለወጣት ጥፋተኞች የአእምሮ ምርመራ የሚያደርግ ተቋም ከፍርድ ቤቱ ጎን ተመሠረተ። የቦርዱ ፕሬዚዳንት ወይዘሪት ጁሊያ፣ ዋና ሐኪሙም ዶክተር ዊሊያም ሂሊ ሆኑ። ምርመራው የልጁን አካልና አእምሮ፣ የትምህርቱን ሁኔታ፣ የቤተሰቡንም ኑሮ አንድ ላይ የሚያጠና ነበር። ዶክተሩ በ1915 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳመለከቱት የጥፋት ምንጭ አንድ ብቻ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ልጅ ብዙ ምክንያቶች ይደራረባሉ።

ወይዘሪት ጁሊያ በ1912 የአሜሪካ የሕፃናት ቢሮ የመጀመሪያዋ ኃላፊ ሆኑ፤ የፌዴራል ቢሮ በመምራትም ከሴቶች የመጀመሪያዋ ነበሩ። በ1921 ሥራቸውን ለቀው በ1932 በትውልድ ከተማቸው ዐረፉ።

ሥራቸው እንከን አልነበረውም ለማለት አይቻልም። ችሎቱ እንደ አባት ይመክራል ተብሎ ስለታሰበ የልጁ የመከላከል መብት ለብዙ ዘመን ችላ ተብሏል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለልጁ ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳለው የወሰነው በ1967 ነው። ይህ እርማት ግን የወይዘሪት ጁሊያን ዋና ሐሳብ አላፈረሰውም። ዳኛ ስለ አንድ ልጅ ከመወሰኑ በፊት ሐኪሙ፣ የአመክሮ ሠራተኛውና ቤተሰቡ የሚያውቁትን ይሰማ ዘንድ፣ ለዚህም የሚበቃ ሰውና ገንዘብ አስቀድሞ ይመደብ ዘንድ ያስፈልጋል። የቺካጎው ችሎት ታሪክ እንደሚያሳየው፣ ሠራተኛና በጀት ያልተመደበለት መልካም ሕግ ፕላኑ ተነሥቶ ሳይሠራ እንደ ቀረ ቤት ነው።