ከዕጣን ከረጢት እስከ ኦክስፎርድ፦ የነጋዴው የአንቶኒን ቤስ ሕይወት

በአገው ምድር በጥርባም ሆነ በአዲስ አበባ ቡና ተፈልቶ ዕጣን ሲጤስ፣ ያች ጠጠር የምታህል ሙጫ ከየት ወጥታ በማን እጅ እንዳለፈች የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ዛፉ የቆላ ነው፤ በጃዊና በመተከል፣ በመተማና በትግራይ ቆላ ይበቅላል። በበጋ ወራት ለቃሚው ቅርፊቱን በስለት ላጥ ያደርገዋል፤ ወተት መሳይ ፈሳሽ ይወጣና በአየሩ ይደርቃል። እሱን ለቅሞ ቁስሉን እንደገና ያድሰዋል። ከአፍሪካ ቀንድ የሚወጣው እንዲህ ያለው ሸቀጥ ባሕር ተሻግሮ ከሚከማችባቸው ገበያዎች አንዷ ኤደን ነበረች። በዚያች ከተማ ግማሽ ምዕት ዓመት የነገደውን ሰው ታሪክ ነው ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው።

አንቶኒን ቤስ በ1877 በደቡብ ፈረንሳይ በካርካሶን ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ገና በልጅነቱ አባቱ ሞተበት። ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል አላገኘም፤ ወታደርነት ፈጽሞ በ1899 የባርዴ ንግድ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ ኤደን ደረሰ። ይህ ንግድ ቤት ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ሙጫ የሚነግድ ሲሆን፣ ባለቅኔውን አርተር ራምቦን በ1880 ቀጥሮ ወደ ሐረር የላከው እርሱ ነው። ራምቦ በንግድ አልቀናውም፤ ቤስ ግን ቀናው። ውሉ ሲያልቅ በ1902 የራሱን ቤት ከፈተ።

የሙጫ ንግድ ምሥጢሩ ያለው ከመግዛቱ ይልቅ በመምረጡ ነው። ዕጣን ለቤተ ክርስቲያን፣ ከርቤ ለሽቱና ለመድኃኒት፣ ከግራር የሚገኘው ሙጫ ለቀለምና ለከረሜላ ይውላል። ከቆላው ሲመጣ ግን ቅርፊትና አፈር የተቀላቀለበት ነው። በመጋዘን ተነፍቶ፣ ነጩ ከቡናማው፣ ትልቁ ከደቃቁ ሲለይ ዋጋው ሌላ ይሆናል። ለቃሚው ይህን ዋጋ አያየውም፤ እሱ የሚከፈለው በሚዛን ነው። ይህን ሥርዓት የፈጠረው ቤስ ነው አንልም፤ ከእሱ በፊትም ነበረ፣ ከእሱ በኋላም ቀጥሏል። ነገር ግን ጠንቅቆ ያወቀውና የከበረበት ሰው ነበር።

ቅርንጫፎቹ በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ተዘረጉ፤ በአገራችንም የቤስ ኩባንያ በአዲስ አበባ የታወቀ ስም ነበር። በ1923 የሼል ነዳጅ ወኪልነትን ያዘ፤ የራሱም መርከቦች ነበሩት። ሰውየው ቁጡና ለሥራ የማይራራ ነበር ይባላል፤ ለራሱ ጉልበትም ቢሆን አይራራም ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ በ1930 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ በዓል ተመልክቶ ሲመለስ በኤደን አረፈ። ቤስ ለትንሽ ሽርሽር ብሎ የከተማይቱን ገደላማ ቋጥኝ አስወጣው። ደራሲው በቀጣዩ ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ስሙን ለውጦ እያሾፈ ጻፈበት፤ እኛም ስናነበው መሳቃችን አልቀረም።

በ1948 ቤስ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲን አስገረመ። አዲስ ኮሌጅ እንዲቋቋም 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለመስጠት ቃል ገባ፤ ከዚህም 250 ሺሁ ለድሆቹ ነባር ኮሌጆች የሚውል ነበር። የሴንት አንቶኒ ኮሌጅ በ1950 ሥራ ጀመረ። ስሙ የሰጪውን ስም የሚያስታውስ ቢሆንም፣ ቅዱሱ የትኛው አንቶኒ እንደ ሆነ ለጊዜው አልተለየም ነበር። በ1961 የግብፁ መናኝ እንዲሆን ተወሰነ። ይኸውም እኛ አባ እንጦንስ የምንለው ነው፤ የዕጣን ነጋዴ ገንዘብ ወደ ዕጣን አገር ቅዱስ ዞረ ማለት ነው።

ቤስ ይህን ለማየት አልታደለም። ሐምሌ 2 ቀን 1951 በስኮትላንድ ጎርደንስቶን ሞተ። ልጁ ቶኒ የአባቱን ሥራ ቀጠለ፤ እሱም በተራው በ1962 በዌልስ የተከፈተው የአትላንቲክ ኮሌጅ ያረፈበትን ቤተ መንግሥት የገዛ ሰው ነው። በኤደን ያለው ንግድ ግን ብዙ አልቆየም፤ እንግሊዝ ከወጣች በኋላ አዲሱ መንግሥት በ1969 ወረሰው። በማግሥቱ ዓመት በኦክስፎርድ በባለቤቱ በሂልዳ ቤስ ስም የተሰየመው የኮሌጁ የምግብ አዳራሽ ተከፈተ።