ዳግላስ ሀርትሪ፤ አቶምን በእርሳስ ያሰላ ሊቅ

የስሌት ኬሚስትሪ የጀመሩ ጓደኞቻችን ከኮምፒዩተር የወጣውን ውጤት ሲያነቡ፣ የሞለኪዩሉን ጉልበት ከሚያመለክተው ቁጥር ቀጥሎ ሀርትሪ የሚል ቃል ያገኛሉ። ከመካከላችን ቃሉ የፕሮግራሙ ስም የመሰለው አልታጣም። ነገር ግን ሀርትሪ የሰው ስም ነው፤ በስሙ የተሰየመው መለኪያም አንዱ 27.2 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ይሆናል። ስሙን ዘወትር እየጠራን ሰውየውን አለማወቃችን ደግ ስላልመሰለን በዚህ ዕትም ታሪኩን ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዳግላስ ሬይነር ሀርትሪ ማርች 27 ቀን 1897 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ከተማ ተወለደ። አባቱ ዊልያም በዩኒቨርሲቲው ምሕንድስና ያስተምር ነበር፤ እናቱ ኢቫም በ1924 ዓ.ም. የከተማይቱ የመጀመሪያ ሴት ከንቲባ ሆናለች። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የኮሌጅ ትምህርቱን ስላቋረጠው፣ ሀርትሪ በኤ. ቪ. ሂል ይመራ ከነበረው የሊቃውንት ቡድን ገብቶ ወደ አውሮፕላን የሚተኮስ ጥይት በሰማይ የሚሄድበትን መንገድ ያሰላ ጀመር። አባቱም አብሮት ነበረ። ጥይቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ መንገዱን በአንድ አጭር ቀመር መግለጽ አይቻልም፤ በእርሳስና በወረቀት ደረጃ በደረጃ መከታተል ያስፈልጋል። ሀርትሪ የዕድሜ ልክ ሙያውን የተማረው ከክፍል ይልቅ በዚህ ሥራ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ወደ ኮሌጅ ተመልሶ በ1922 ዓ.ም. ሲመረቅ ግን ያገኘው ሁለተኛ ማዕረግ ብቻ ነበር። ይህን የጻፍነው ያለፈው ሴሚስተር ውጤት ላስከፋቸው ጓደኞቻችን ነው።

በ1926 ዓ.ም. ሀርትሪ የዶክትርና ማዕረጉን አገኘ። በዚያው ዓመት ኤርቪን ሽሮዲንገር ኤሌክትሮን በአቶም ውስጥ እንዴት እንደሚኖር የሚገልጸውን እኩልዮሽ አወጣ። እኩልዮሹ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ላለው ለሃይድሮጅን በትክክል ይፈታል። ኤሌክትሮኖቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን እርስ በርሳቸው ስለሚገፋፉ የአንዱን ሁኔታ ለማወቅ የሌሎቹን ማወቅ ግድ ይሆናል፤ የሌሎቹን ለማወቅም የአንዱን።

እኛ ከኖፓ የመጣን ተማሪዎች ነገሩን የምንረዳው በገበያ ቀን ወደ መቱ የሚሄደውን መኪና በማስታወስ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ እንደ ተጨናነቀ ጉልበቱንና ዘንቢሉን የሚያስቀምጠው የሌሎቹን አቀማመጥ አይቶ ነው። አንዱ ሲነቃነቅ ጎረቤቱም ይነቃነቃል። መኪናው ጥቂት ከሄደ በኋላ ግን እያንዳንዱ የያዘው ቦታ ሌሎቹ የተዉለት ቦታ ሆኖ ይገኛል፤ ከዚያ ወዲያ የሚነቃነቅ የለም። የሀርትሪም ዘዴ ይህን ይመስላል። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ሌሎቹን አንድ በአንድ ሳይሆን እንደ አንድ የተዘረጋ ደመና ያያቸዋል ብሎ ተነሣ። የደመናውን ቅርጽ በመጀመሪያ በግምት ይወስዳል፤ በዚያ ግምት እኩልዮሹን ይፈታል፤ ከመልሱ አዲስ ደመና ይሠራል፤ እንደ ገና ይፈታል። የገባውና የወጣው ደመና አንድ ሲሆኑ ሥራው አለቀ። ከራሱ ጋር የተስማማ መስክ የተባለው ዘዴ ይህ ነው፤ በ1928 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ።

ይህን ሁሉ ያሰላው ማን ነው? ከማስተማር ሥራው ያረፈው አባቱ ዊልያም፣ በእጅ በሚሽከረከር የሒሳብ መኪና እየታገዘ፣ ከልጁ ጋር አቶሞቹን እያከታተለ ያሰላ ነበር። በ1930 ዓ.ም. የሩሲያው ሊቅ ቭላዲሚር ፎክ ዘዴው አንድ ጉድለት እንዳለበት አሳየ፤ ይኸውም ኤሌክትሮኖች አንዱ ከሌላው የማይለይ መሆኑን በሚገባ አለመቁጠሩ ነው። ሀርትሪ እርማቱን ተቀብሎ ከአባቱ ጋር ሥራውን እንደ ገና ጀመረ። በ1935 ዓ.ም. አባትና ልጅ በአዲሱ መንገድ ያሰሉትን የቤሪሊየምን አቶም አሳተሙ። ቤሪሊየም አራት ኤሌክትሮን አለው። ዛሬ የሀርትሪ-ፎክ ዘዴ ብለን የምንማረው ይህን ነው። ዊልያም በ1943 ዓ.ም. ሞተ።

ሀርትሪ ከ1929 ዓ.ም. ጀምሮ የማንቸስተር ፕሮፌሰር ነበረ። በ1933 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄዶ ቫኔቫር ቡሽ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሠራውን፣ እኩልዮሽን በጥርስና በዘንግ የሚፈታ ትልቅ መኪና ጎበኘ። ወደ ማንቸስተር እንደ ተመለሰም ከተማሪው ከአርተር ፖርተር ጋር፣ ሜካኖ በሚባለው የልጆች መጫወቻ ብረታ ብረት፣ 20 ፓውንድ ያህል በሚሆን ወጪ የዚያን መኪና ታናሽ ወንድም ሠሩ። መጫወቻው ሠራ። በዓመቱ ትልቁ መኪና በዩኒቨርሲቲው ቆመ። ሀርትሪ ባቡር እጅግ ይወድ ስለ ነበር ባቡር ከጣቢያ ጣቢያ የሚፈጅበትን ጊዜ በዚህ መኪና አስልቷል።

የሜካኖውን ታሪክ መምህራን መሣሪያ ለጎደለው ተማሪ ማጽናኛ አድርገው ይነግሩታል። እኛ በከፊል ብቻ እንቀበላለን። የመጫወቻውን መኪና የሠራው ሰው መርከብ ተሳፍሮ ዋናውን መኪና ያየ ሰው ነው፤ ትልቁንም መኪና ያሠራለት ሰር ሮበርት ማክዱጋል የተባለ ባለሀብት ነበረ። ሀርትሪን ማድነቃችን ይህን ሊያስረሳን አይገባም።

በ1946 ዓ.ም. አሜሪካኖች ኤኒያክ የተባለውን ኮምፒዩተራቸውን እንዲሞክር ጠሩት። መኪናው 18,000 ያህል የሬዲዮ አምፑል ነበረው። ሀርትሪም ካትሊን ማክነልቲ ከምትባል ሠራተኛ ጋር በመሆን የጋዝ ፍሰትን ስሌት ሠራበት። በዚያው ዓመት ኬምብሪጅ ፕሮፌሰር አድርጎ ወሰደው። እዚያም ሞሪስ ዊልክስ ኤድሳክ የተባለውን ኮምፒዩተር ሲሠራ ዋና ደጋፊው ሆነ፤ መኪናው በሜይ ወር 1949 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የቡና አገር ልጆች ስለ ሆንን አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም፤ ለኤድሳክ ገንዘብ ካወጡት አንዱ ላየንስ የተባለ የሻይ ቤቶች ኩባንያ ነበር። ተማሪው ሻርሎት ፍሮዝ የአቶምን ስሌት በኤድሳክ ላይ አሠራችው፤ በዚያው በኬምብሪጅ ፍራንሲስ ቦይስ ከአቶም አልፎ ወደ ሞለኪዩል ሄደ።

ስለ ሀርትሪ የሚነገር አንድ ስሕተት አለ። ኮምፒዩተር የመሸጥ ሥራ የያዘ ቦውደን የሚባል ሰው በ1951 ዓ.ም. ገደማ ምክር ሊጠይቀው ሄዶ ነበር። ቦውደን ኋላ እንደ ተረከው ከሆነ፣ ሀርትሪ ለአገሪቱ የሚያስፈልገው ስሌት ሁሉ በኬምብሪጅ፣ በቴዲንግተንና በማንቸስተር በሚሠሩት ሦስት መኪናዎች ሊፈጸም ይችላል የሚል አስተያየት ሰጠው። ብዙዎች በዚህ ይስቃሉ። በእኛ ግምት ግን ሀርትሪ የቆጠረው ሰዎች በዚያን ጊዜ በእርሳስ ይሞክሩት የነበረውን ስሌት ነው፤ ማንም ያልደፈረውን ስሌት ሊቆጥር አይችልም ነበር።

ያልተደፈረው ምን ያህል እንደ ሆነ ከሀርትሪ-ፎክ ዘዴ ራሱ እንማራለን። በተራው አሠራር የሞለኪዩሉ መጠን እጥፍ ሲሆን ሥራው እስከ 16 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ አንድ መኪና፣ ምንም ቢፈጥን፣ አይበቃም። በ1969 ዓ.ም. በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ብዙ ሰዎች በአንድ ኮምፒዩተር ተራ በተራ የሚገለገሉበትን ዩኒክስን ጀመሩ። በ1991 ዓ.ም. ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በዩኒክስ አምሳል ሊኑክስን አወጣ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ በናሳ ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር 16 ተራ ኮምፒዩተሮችን በገመድ አገናኝተው በሊኑክስ እንደ አንድ አሠሯቸው። ክላስተር የሚባለው ይህ ነው፤ እኛ ደቦ ብንለው አንሳሳትም። አዝመራ ሲደርስ ጎረቤት ሁሉ የማሳውን ፈንታ እንደሚይዝ፣ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የስሌቱን ፈንታ ይይዛል፤ ውጤቱ ይሰበሰብና ደመናው ይታደሳል፤ ተመልሶም ይከፋፈላል። ዙሩ ዊልያም በእጁ ያዞረው ያው ዙር ነው።

ሀርትሪ ይህን አላየም። የአቶሞችን አወቃቀር ስሌት የሚመለከተው መጽሐፉ በ1957 ዓ.ም. ታተመ፤ እርሱም ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1958 ዓ.ም. በኬምብሪጅ በልብ ሕመም ሞተ። ዕድሜው 60 ነበር።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ከቡናችን ውስጥ ያለውን ካፌይን በአንድ ጓደኛችን ኮምፒዩተር ላይ አሰላነው። ካፌይን 24 አቶምና 102 ኤሌክትሮን አለው። በዘጠነኛው ዙር መብራት ጠፋ። ፕሮግራሙ ያለፈውን ዙር ደመና በፋይል አስቀምጦት ስለ ነበር መብራቱ ሲመጣ ከዚያው ቀጠልን። ደመናው ከራሱ ጋር ሲስማማ ቁጥሩ ወጣ፤ ከጎኑም የሰውየው ስም ነበረ።