ቅዱስ ያሬድ ከማይ ኪራሕ እስከ ሰሜን ተራራ

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ብዙ የሰሜን ተራሮችን ያያል። ከእነዚህም መካከል ከራስ ደጀን ብዙ ሳይርቅ፥ ከ4,400 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው አንዱ በቅዱስ ያሬድ ስም ይጠራል። ይህ ስም በዚያ ብርድ አገር ስለ ምን እንደ ተገኘ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ያሬድ የአክሱም ልጅ፥ በንጉሥ ፊት የዘመረ ሊቅ ነበረና። ሕፃናት ሁሉ የሚያውቁት በዛፍ ላይ የወጣውን ትል ነው። ታሪኩ ከዚያ መጀመሩ እውነት ነው፤ በዚያ ግን አያልቅም። ስለዚህ የሊቁን ሕይወት ከዛፉ ሥር እስከ ሰሜን ተራራ ድረስ ልንከተለው አስበናል።

በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት መሠረት ያሬድ በ505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አባቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተ እናቱ ያስተምረው ዘንድ ለዘመዱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ጌዴዎን በአክሱም የታወቀ መምህር ነበረ። ልጁ ግን ትምህርቱን መያዝ ተሳነው፤ ባልንጀሮቹ ዳዊቱን እየደገሙ ሲያልፉ እርሱ ከጀመረበት አልተነሣም። ጓደኞቹ ሳቁበት፥ መምህሩም ገረፈው። መከራው በበዛበትም ጊዜ ከጉባኤ ቤቱ ኮብልሎ ወደ ሌላ አገር ሄደ።

በመንገድም ማይ ኪራሕ በተባለው ስፍራ ፀሐይ ስለ በረታበት ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። በዚያም አንድ ትል የዛፉን ፍሬ ሊበላ ሲወጣና ከመካከል ሲወድቅ አየ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከፍሬው እንደ ደረሰ ይነገራል። ያሬድም ይህን አይቶ ስለ ራሱ አለቀሰ፥ ተነሥቶም ወደ አክሱም ተመለሰ።

ብዙ ሰባክያን እዚህ ላይ ትሉን ያመሰግኑና ነገሩን ይዘጋሉ። እኛን ግን ከትሉ መውጣት ይልቅ የሚያስደንቀን ያሬድ የተመለሰበት መንገድ ነው። ትሉ ሲወድቅ የሳቀበት ጓደኛ አልነበረውም። ያሬድ ግን የሳቁበት ልጆች ወዳሉበት ጉባኤ፥ የገረፈው መምህር ወደ ተቀመጠበት ደጅ ተመልሶ እንደ ገና እንዲቀበለው መለመን ነበረበት። ያፈሩበትን ደጅ ዳግመኛ ማንኳኳት መጀመሪያ ከማንኳኳት ይልቅ ይከብዳል።

ይህንን በደባርቅና በዳባት ያሉ ወገኖቻችን በሚገባ ያውቁታል። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ በመጣ ጊዜ፥ በኋላም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነቱ በተከተለ ጊዜ፥ የሰሜንን ተራሮች ሊያይ የሚመጣው እንግዳ ቀረ። እንግዳውን እየመሩ፥ ጓዙን በበቅሎ እየጫኑ፥ ምግብ እያበሰሉ ይተዳደሩ የነበሩ ሰዎችም ሌላ እንጀራ ፍለጋ ወጡ። ልጆች ያሉት አባወራ በጉልምስናው ዕድሜ እንደ ጀማሪ ተቆጥሮ፥ ማመልከቻውን ይዞ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲዞርና ቦታ የለም ተብሎ ሲመለስ፥ በማግስቱ ወደዚያው ደጅ ለመሄድ እግሩ እንዴት እንደሚከብደው መገመት አያስቸግርም። ከቅኔ ቤት ወጥቶ በከተማ ሥራ የሚፈልገው ደቀ መዝሙርም ከዚህ አይለይም።

በዚህ አጋጣሚ ለመምህራንና ለሥራ ኃላፊዎች አንድ ነገር ብናሳስብ አይከፋም። ጌዴዎን ኮብልሎ የተመለሰውን ተማሪ ተቀበለው፤ እንደ ገናም አስተማረው። ያን ዕለት በሩን ዘግቶበት ቢሆን ኖሮ ዛሬ በማኅሌት ምን ይዘን እንቆም ነበር? ስለ ያሬድ ጽናት ስንናገር የጌዴዎንን ደጅ መርሳት አይገባንም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አንባብያን ያውቁታልና አናስረዝምም። ያሬድ በጸሎት ቢተጋ አእምሮው ተከፈተለት፤ ዳዊቱንና ሌሎቹን መጻሕፍት በጥቂት ጊዜ አጠናቀቀ፥ ዲቁናም ተቀበለ። ስንክሳሩ እንደሚተርከው ከኤዶም ገነት የተላኩ ሦስት አዕዋፍ በሰው ቋንቋ ተናገሩት፥ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌምም ተነጥቆ የ24ቱን ካህናተ ሰማይ ማኅሌት ሰማ። ግዕዝን፥ ዕዝልንና ዓራራይን፥ ድጓውንና ጾመ ድጓውን፥ ምዕራፉን፥ ዝማሬውንና መዋሥዕቱን የምንቀበለው ከእርሱ ነው። ዳዊት መድገም የተሳነው ልጅ የዓመቱን በዓላት ሁሉ በዜማ ሠራ።

በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የሆነውም የታወቀ ነው። ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ሳለ በእጁ የያዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ደሙም ፈሰሰ። ያሬድ ግን ማኅሌቱን እስኪፈጽም ድረስ አልተሰማውም። ንጉሡ ባየ ጊዜ ደነገጠ፥ ጦሩንም ነቅሎ ስለ ፈሰሰው ደም የወደደውን እንዲለምነው ነገረው። ያሬድም ንጉሡ በፈቃዱ እንደማይለቀው ስለሚያውቅ አስቀድሞ አስማለው፥ ከዚያም ወደ ገዳም ሄዶ ይመንኵስ ዘንድ እንዲያሰናብተው ለመነ። ንጉሡና መኳንንቱ እጅግ አዘኑ፤ ነገር ግን መሐላው ያዛቸው።

የሕይወቱን መገለባበጥ እንመልከት። በልጅነቱ የሚቀበለው አጥቶ ከአክሱም ሸሸ፤ በሊቅነቱ ደግሞ የሚለቀው አጥቶ በመሐላ ወጣ። በሚወጣበትም ጊዜ በጽዮን ታቦት ፊት ቆሞ አንቀጸ ብርሃንን ደረሰ፥ ካህናቱንም ተሰናብቶ ሄደ። ክብሩም፥ ደቀ መዛሙርቱም፥ የንጉሡ ማዕድም በኋላው ቀሩ።

ተከዜን ተሻግሮ በጸለምት በኩል ወደ ሰሜን መጣ። ዛሬ ከደባርቅ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ በአዲ አርቃይ ወደ ተከዜ የሚያልፈው መንገደኛ ያንን የቆላ አገር ያየዋል። ከዚያ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ማሽላው ቀርቶ ገብሱ ይተካል፥ ከገብሱም በላይ አስታና ጅባራ እንጂ ሌላ አይበቅልም፤ ሌሊቱም ውርጭ ነው። በቤተ መንግሥት የተከበረው ሊቅ በዚህ ስፍራ እንደ ጀማሪ መነኵሴ ሆነ። ጾሙ፥ ስግደቱና ዝምታው ድምፁን ለለመደ ሰው አዲስ ትምህርት ነበረና፥ ይህንንም ሁለተኛውን ትምህርት እስከ ፍጻሜው ያዘው። እኛ የያሬድን ትልቅነት የምናየው በዚህ ነው።

ትውፊቱ ዕረፍቱን በ571 ዓ.ም. ግንቦት 11 ቀን ያደርገዋል። በየዓመቱ በዚያ ዕለት ስንክሳሩ ሲነበብ፥ መቃብሩ እስከ ዛሬ እንዳልታወቀ የሚናገረው ቃል ከተራራው ግርጌ ባሉት አድባራትም ይሰማል።