በሁለት ልደቶች መካከል

ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ስለ ነበረ የ1928 ዓ.ም. የገና በዓል የዋለው ታኅሣሥ 28 ቀን ነው። የአውሮፓውያን የልደት በዓል ግን ከዚያ በፊት በ13 ቀን ቀድሞ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን ውሎ ነበር። ማርሴል ዡኖ የተባለው የ31 ዓመት የስዊስ ሐኪም በዚያ ዓመት ሁለቱንም በዓላት ያሳለፈው ከአገሩ ርቆ በኢትዮጵያ ምድር ነው። በሁለቱ ልደቶች መካከል በነበሩት ቀናት የደረሰው ነገር፣ የቀይ መስቀል ዓርማ ለሐኪምና ለቁስለኛ ምን ያህል መከታ እንደሚሆን ክፉኛ የፈተነ ነበር።

ዡኖ የተወለደው እ.ኤ.አ. ግንቦት 14 ቀን 1904 በኔሻቴል ከተማ ነው። አባቱ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ሲሆኑ፣ እሱ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ በሞት ተለዩ። ሰባት ልጆች ይዛ የቀረችው እናቱ ወደ ጄኔቭ ተመልሳ፣ ተከራዮችን በምግብና በመኝታ የምታስተናግድበት ቤት ከፍታ ቤተ ሰቡን ታስተዳድር ጀመር። በደቡባዊ አፍሪካ በሚሲዮናዊነትና በሕዝቦች ባህል ጥናት ስሙ የታወቀው አጎቱ አንሪ አሌክሳንደር ዡኖ ባይረዳው ኖሮ የሕክምና ትምህርት የሚታሰብ አልነበረም። ዡኖ ራሱም ገና በወጣትነቱ ለተራቡ የሩሲያ ሕፃናት ርዳታ በሚሰበስብ ማኅበር ውስጥ በፈቃዱ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1929 በሕክምና ተመርቆ፣ ቀጥሎ በፈረንሳይ አገር በሙሉዝ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ይሠለጥን ነበር። ጄኔቭ ያለው የዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄድ የጠየቀው በዚህ ሥራ ላይ እንዳለ፣ ጦርነቱ በተጀመረበት ወር፣ በጥቅምት 1935 እ.ኤ.አ. ነው።

አብሮት የተላከው የሕግ ሰው የሆነው ሲድኒ ብራውን ነበር። ሁለቱ መልእክተኞች የደረሱበት አገር ጦሩን ወደ ግንባር ሲያዘምት የሚከተለው የሕክምና ክፍል ያልነበረው ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲፈነዳ ዕድሜው ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። ፕሬዚዳንቱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። በጥቂት ሐኪሞች፣ አብዛኞቹም የውጭ አገር ሰዎች በሆኑበት ሁኔታ፣ ማኅበሩ የራሱን የሕክምና ጓዶች ወደ ግንባር አሰማራ። ከውጭ ደግሞ የስዊድን፣ የኖርዌይ፣ የእንግሊዝ፣ የሆላንድ፣ የፊንላንድና የግብፅ ጓዶች እየተከታተሉ መጡ። ሙያውን ለሚያውቅ ሰው፣ እነዚህን ሁሉ በመኪና መንገድ በሌለበት አገር ማቀናጀት ምን ማለት እንደሆነ መግለጽ አያሻም።

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው ደሴ ላይ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አይሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ፤ ዓርማው በጣራው ላይ የተሣለው የአድቬንቲስቶች ሆስፒታልም አልተረፈም። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ቀን በከተማዋ ነበሩ። ዡኖም እዚያው ነበር። ለመታዘብና ለማስተባበር የተላከ ሰው ቢሆንም፣ ቁስለኛ በቃሬዛ እየጎረፈ ሲመጣ የመልእክተኛነት ማዕረግ ዋጋ አልነበረውም፤ የቀዶ ሕክምና እጁ ተፈለገ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ተኩል አለፈ። በደቡብ ግንባር በራስ ደስታ ዳምጠው ጦር አካባቢ፣ በገናሌ ዶሪያ ወንዝ አጠገብ፣ መልካ ዲዳ በተባለ ሥፍራ የስዊድን ቀይ መስቀል ጓድ ሰፍሮ ነበር። መሪው ዶክተር ፍሪዴ ሂላንደር ነበር። ስዊድናውያኑ የልደትን በዓል በዚያ ቆላ በድንኳን ውስጥ አሳለፉ። በአምስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን ጠዋት፣ የጣሊያን አይሮፕላኖች መጥተው ሰፈሩን በቦምብና በመትረየስ ደበደቡት። ከ20 የሚበልጡ ሕሙማን በተኙበት ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። ሂላንደር ራሱ ቆሰለ፤ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለው ባልደረባው ግን በደረሰበት ቁስል ሕይወቱ አለፈ።

የጣሊያኑ አዛዥ ግራዚያኒ ድርጊቱን እንደ ብድር መመለስ አድርጎ አቀረበው። ምክንያት የተደረገው ከአራት ቀን በፊት በደጋሐቡር በኩል የተማረከ አንድ ጣሊያናዊ አይሮፕላን ነጂ መገደሉ ነው። ደጋሐቡርና መልካ ዲዳ በመቶ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር የተራራቁ መሆናቸውን ካርታ የያዘ ሰው ሁሉ ያውቃል። በዚያ ላይ፣ አንድ ነፍስ በመጥፋቱ የሌላ አገር ሐኪምና በአልጋ የተኛ በሽተኛ ዕዳ ከፋይ የሚሆንበት ሥርዓት በጦር ሕግ ዘንድ የለም። ዡኖ ወደ ደቡብ ተጉዞ የሆነውን በዓይኑ ተመለከተ። ቤተ ክርስቲያን ለገና በምትዘጋጅበትና ልጆች የገና ጨዋታ ዱላቸውን በሚያዘጋጁበት ሰሞን፣ የእሱ ሥራ የተበሳሳ ድንኳን መመርመርና ስለ ሟቾች ለጄኔቭ መጻፍ ሆነ።

በመጋቢት ወር የሰሜን ግንባር ተራ ደረሰ። ዡኖን ወደ ኮረም ያደረሰው ስዊድናዊው አይሮፕላን ነጂ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበር። ይህ ሰው ኋላ የኢትዮጵያን አየር ኃይል ካደራጁት አንዱ ሆኗል፤ በመጨረሻም በ1969 ዓ.ም. በጎዴ ሕይወቱ ያለፈው ለዚችው አገር ሲሠራ ነው። ኮረም ላይ የቀይ መስቀሉ አይሮፕላን በቆመበት በጣሊያኖች ተደብድቦ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን በመርዝ ጋዝ የተቃጠሉት ሰዎች ናቸው። ገላቸው ተልጦ፣ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ እግራቸው መራመድ አቅቶት በመስክ ላይ የወደቁ እጅግ ብዙ ነበሩ። ለዚህ ቃጠሎ በቂ መድኃኒት በሥፍራው አልነበረም። ዡኖ አማርኛ አያውቅም ነበር፤ ሆኖም ከነዚያ ሰዎች አፍ ይወጣ የነበረውን የአቤቱታ ቃል፣ አቤት የሚለውን፣ ከዓመታት በኋላ በጻፈው መጽሐፉ ውስጥ በድምፁ እንዳለ አስፍሮታል። ቃሉ ለሹም፣ ለዳኛና ለፈጣሪ የሚቀርብ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ ያን ገጽ ሲያነብ ከሌላው የበለጠ ይከብደዋል።

ለመሆኑ አቤቱታው የት ደረሰ? እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1936 የዓለም መንግሥታት ማኅበር ስለ መርዝ ጋዝ ያለውን መረጃ እንዲሰጠው የቀይ መስቀል ኮሚቴን ጠየቀ። ኮሚቴው የመልእክተኞቹን ጽሑፍ በእጁ ይዞ፣ ገለልተኛነቴን ያፋልሳል በሚል ምክንያት አልሰጠም። ሐኪም የበሽተኛውን ምሥጢር ይጠብቃል፤ ይህ የሙያው መሠረት ነው። ነገር ግን ምሥጢር የሚጠበቀው ለታማሚው ጥቅም ነው እንጂ ለመርዘኛው አይደለም። የኮሚቴው ዝምታ በነገሩ መደብዘዝ የተጠቀመው ማን እንደሆነ ለማየት ረጅም ምርመራ አያስፈልግም። በሌላ በኩል፣ የኮሚቴው መልእክተኞች በኋለኛው ጦርነት በጠላትነት በተሰለፉ ብዙ መንግሥታት የምርኮኞች ሰፈር በር የተከፈተላቸው ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ስለ ነበራቸው ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ኮረም ላይ ለወደቁት ግን የሚሰጠው መልስ የለም። ዡኖ በበኩሉ ለጄኔቭ የሚጽፈውን ጻፈ፤ ለሕዝብ የተናገረው እ.ኤ.አ. በ1947 ሦስተኛው ተዋጊ የሚል ትርጉም ያለውን መጽሐፉን ሲያሳትም ነው። ሦስተኛው ተዋጊ በሁለቱ ጦረኞች መካከል ያለ መሣሪያ የሚቆመው ነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ጣሊያኖች ሚያዝያ 27 ቀን ገቡ። በመካከሉ በነበረው ዘረፋና ተኩስ የእንግሊዙ ጓድ መሪ ዶክተር ጆን ሜሊ ቁስለኞችን ሲያነሣ ተመትቶ ሞተ። ዡኖ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ግን አልተቀመጠም። በነሐሴ 1936 እ.ኤ.አ. ወደ ስፔን ተላከ። የእርስ በርስ ጦርነቱ እስኪያበቃ እስረኞችን በማለዋወጥና በጦር ግንባር የተለያዩ ቤተ ሰቦችን በአጫጭር ደብዳቤ በማገናኘት ሠራ፤ በዚያ ጦርነት በቀይ መስቀል በኩል የተላለፈው መልእክት 5 ሚሊዮን ያህል ነበር። በልደት በዓል ከአባቷ ወይም ከባሏ ሁለት መሥመር ለምትጠብቅ ሴት ያ ቁራጭ ወረቀት ምን ያህል ስጦታ እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ በጀርመንና በሌሎች አገሮች የምርኮኞችን ሰፈሮች ጎበኘ፤ ለተራበችው ግሪክም እህል እንዲገባ ደከመ።

ነሐሴ 9 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. ቶክዮ ደረሰ። መስከረም 8 ቀን ከአሜሪካኖች ያገኘውን 15 ቶን ያህል መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ይዞ ሒሮሺማ ገባ፤ ከውጭ አገር ሐኪሞች ቀድመው ወደዚያች ከተማ ከደረሱትም አንዱ ሆነ። እንደ ኮረም ሁሉ በዚህም ያየው፣ ሐኪሞች ተምረውት የማያውቁትን ቃጠሎ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ባዶ እጁን አልሄደም። እሱ በሩቅ ምሥራቅ ሳለ በስዊስ ልጅ ተወለደለት።

እ.ኤ.አ. በ1948 የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት ወኪል ሆኖ ቻይና ሄደ፤ ሕመም ግን መለሰው። ብዙ ሰዓት መቆም ስለማይችል የቀዶ ሕክምናውን ትቶ፣ ከአርባ ዓመት በላይ ዕድሜ ይዞ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ በፓሪስና በለንደን የማደንዘዣ ሕክምናን ተማረ። በጄኔቭ ሆስፒታልም የማደንዘዣ ክፍልን አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1952 የቀይ መስቀል ኮሚቴ አባል፣ በ1959 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ሒሮሺማ በ1979 በሰላም መናፈሻዋ ሐውልት አቆመችለት።

ማርሴል ዡኖ የሞተው ሰኔ 9 ቀን 1953 ዓ.ም. በጄኔቭ ነው። ልቡ በድንገት የቆመው በቀዶ ሕክምና ላይ ለነበረ በሽተኛ ማደንዘዣ እየሰጠ ሳለ ነበር።