ድንበሩን ያልተሻገሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ

በዚህ በኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ድንበር የሚነግረን ሰው አያሻንም። ከኬላው ወዲያ ያለውም ከተማ ሞያሌ፣ ወዲህ ያለውም ሞያሌ ነው። በደርግ ዘመን በዲላ፣ በሀገረ ማርያም፣ በያቤሎና በሜጋ አድርገው እዚህ የደረሱ፣ ከዚያም በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው በማርሳቢትና በኢሲዮሎ በኩል ወደ ናይሮቢ ያለፉ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። መንገዱ ዛሬ አስፋልት ነው፤ ያኔ አቧራና ድንጋይ ነበር። ማኅበራችን ኢዮቤልዩውን በሚያከብርበት በዚህ ጊዜ፣ መሻገር እየቻሉ ስላልተሻገሩ አንድ አባት መጻፍ ወደድን። የወጣውን ሰው ለመንቀፍ አይደለም። ጌታችንም በሕፃንነቱ ከሄሮድስ ፊት ወደ ግብፅ ተሰዷል። ነገር ግን መከራን ከእምነት ጋር አንድ አድርገው የተቀበሉትን ሰው ታሪክ ከእኛ ከስደተኞቹ ይበልጥ ጠንቅቆ የሚረዳው ማን ነው?

ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1921 ዓ.ም. በወለጋ፣ ቦጂ ተወለዱ። በነጆና በነቀምት ተምረው በነቀምት ሆስፒታል በሕክምና ረዳትነት ሠርተዋል። በኋላም ቅስና ተቀብለው ወደ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ሄደው ሥነ መለኮት አጠኑ። እንደተመለሱም በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆነው ተሾሙ፤ በዚህም ኃላፊነት እስከ መጨረሻቸው ለ13 ዓመታት ያህል ቆዩ።

ስማቸው በውጭ አገር የታወቀው በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በተላከው ደብዳቤ ነው። የውጭ ረጂዎች ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገንዘብ ለመስጠት ፈቃደኞች ሲሆኑ፣ ለወንጌል ሥራ ግን እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። ደብዳቤው የሰውን ሥጋ ከነፍሱ ለይቶ መርዳት እንደማይቻል በግልጽ አስረዳ። የሚረዳ ወገን ለረጂው እንዲህ ብሎ መጻፍ በዚያን ጊዜ የተለመደ አልነበረም። እርዳታ ተቀብሎ የሚያውቅ ሰው ድፍረቱ ይገባዋል።

አብዮቱ ሲፈነዳ ለድሃው ገበሬ መሬት መሰጠቱን የጠሉ ሰው አልነበሩም። ደርግ ግን አምልኮውንም ለራሱ ፈለገ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ሬዲዮ ብሥራተ ወንጌል ተወረሰ፤ በየአውራጃው ምእመናን ይታሰሩ፣ ጸሎት ቤቶች ይዘጉ ጀመር። ቄስ ጉዲና አብያተ ክርስቲያናት በአንድነት የሚመክሩበት ጉባኤ እንዲቋቋም ደከሙ። መንግሥት የሃይማኖት ነፃነት አለ ብለው እንዲመሰክሩለት ቢፈልግም እሺ አላሉም።

በ1971 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ታስረው ተፈቱ። በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲገባ ዳግመኛ ተይዘው ሦስት ሳምንት ያህል ቆዩ። ለመፈታታቸው የታንዛኒያው ፕሬዝዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ጣልቃ መግባት እንደረዳ ይነገራል። ከአገር የሚወጡበትም መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ የውጭ ወዳጆቻቸውም አጥብቀው ለመኗቸው። እርሳቸው ግን መንጋው በመከራ ውስጥ እያለ እረኛው አይሄድም ብለው ቀሩ። ልብ በሉ፤ ስለ ቀጣዩ እስር የማያውቁ አልነበሩም። በእነዚያው ወራት ስለ ክርስቲያን በኅብረተሰብ ውስጥ ስላለው ድርሻ ጽሑፍ እያዘጋጁ ነበር። ክርስቶስን መከተል ዋጋ እንደሚያስከፍል የጻፉት፣ ዋጋው በደጃቸው ቆሞ ሳለ ነው።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ኡራኤል አካባቢ ካለው ቤተ ክርስቲያን አገልግለው ሲወጡ የጸጥታ ሰዎች ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ጸሐይ ቶለሳ ጋር ወሰዷቸው። ወይዘሮ ጸሐይ በዚያ ሌሊት ተለቀቁ፤ ባለቤታቸው አልተመለሱም። መንግሥት ስለ ሰውየው የማውቀው የለም አለ። በሰባት ወር ውስጥ ደግሞ ወይዘሮዋ ራሳቸው ተይዘው ለአሥር ዓመት ያህል ያለ ፍርድ ታሰሩ፤ ከባድ ድብደባም ደረሰባቸው። እኛ እንደምናየው፣ ስለ ቄስ ጉዲና ሲነገር የእርሳቸው ድርሻ ሁልጊዜ ያንሳል። ቄሱ በአንድ ሌሊት የከፈሉትን ወይዘሮዋ በየቀኑ እየከፈሉ አሥር ዓመት ኖሩ፤ ያውም ባለቤታቸው ይሙቱ ይኑሩ ሳያውቁ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. አፅማቸው አዲስ አበባ ውስጥ የራስ አሥራተ ካሣ መኖሪያ በነበረው ግቢ ተገኘ። በዚያው ግቢ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት የአቡነ ቴዎፍሎስ አፅም ወጣ፤ እርሳቸውም የተገደሉት በዚያው በ1971 ዓ.ም. ክረምት ነው። በማኅበራችን ውስጥ የኦርቶዶክሱም የወንጌላዊውም አማኝ አለ፤ ሁለቱ አባቶች በአንድ ክረምት ተገድለው በአንድ ግቢ አፈር ውስጥ 13 ዓመት መቆየታቸውን ሁላችንም ብናውቀው መልካም ነው። ቄስ ጉዲና በዚያው ዓመት በክብር ተቀበሩ። ወይዘሮ ጸሐይም ከእስር ወጥተው ስለነበር ለቀብሩ ደረሱ።