ኡሉግ ቤግ፦ ከዋክብትን እንደገና የለካው የሰመርቀንድ ገዥ

ስለ ቀደምት ሙስሊም ሊቃውንት ሲነሳ አብዛኞቻችን ስማቸውን እንጠራለን፣ እንኮራለን፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል። እነዚያ ሰዎች በየዕለቱ ምን ይሠሩ እንደነበር፣ ከእነርሱ በፊት የነበረውን ዕውቀት እንዴት እንደተቀበሉና ምን እንደጨመሩበት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ኩራታችን ከዕውቀት የተለየ እንዳይሆን በማሰብ በዚህ ጽሑፍ የአንድ ሰው ሕይወት ብቻ ላነሳ እወዳለሁ። ይኸውም በአሥራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰመርቀንድን የገዛው ኡሉግ ቤግ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሒጅራ ካላልኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

ይህን ሰው እንዳስታውስ ያነሳሳኝ የዘመናችን የሰማይ ቆጠራ ነው። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት በ2013 ወደ ሕዋ የላካት ጋያ የተባለች መንኮራኩር እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ስትለካ ቆይታ ወደ 2 ቢሊዮን የሚጠጉ ከዋክብትን መዝግባለች። በቺሊ ተራራ ላይ የተሠራው የቬራ ሩቢን መመልከቻም በ2025 የመጀመሪያ ምስሎቹን ለሕዝብ አሳይቷል። ዕቅዱ ደቡባዊውን ሰማይ ለ10 ዓመት ደጋግሞ ፎቶግራፍ በማንሳት ጋላክሲዎችን መመዝገብና ሱፐርኖቫ የሚባሉትን የሚፈነዱ ከዋክብት መከታተል ነው። መሣሪያው አዲስ ይሁን እንጂ ሐሳቡ የቆየ ነው። ትናንት በሰማይ ላይ ምን እንደነበረ በትክክል ያልመዘገበ ሰው ዛሬ አዲስ ነገር መታየቱን ሊያውቅ አይችልም። የዚህ ሁሉ ምርምር መሠረት የታመነ መዝገብ ነው።

የከዋክብት መዝገብ ታሪክ ረጅም ነው። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው በጥሊሞስ 1,022 ከዋክብትን የያዘ መዝገብ ትቶ አልፏል። መጽሐፉ ወደ ዐረብኛ ከተተረጎመ በኋላ የሙስሊሙ ዓለም ሊቃውንት አጠኑት፤ መረመሩትም። በ964 አብዱረሕማን አስ-ሱፊ የከዋክብቱን ድምቀት በዓይኑ እየመረመረ ስለ ቋሚ ከዋክብት የሚናገረውን ዝነኛ መጽሐፉን ጻፈ። በዚያ መጽሐፍ እንደ ትንሽ ደመና አድርጎ የመዘገባት ብርሃን ዛሬ አንድሮሜዳ የምትባለው፣ ከእኛ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የምትርቀው ጋላክሲ ናት። ይሁንና አስ-ሱፊም ቢሆን የከዋክብቱን አቀማመጥ ከሥሩ እንደገና አልለካም። አቀማመጣቸው በዘመናት ብዛት ቀስ በቀስ ስለሚንሸራተት፣ በበጥሊሞስ ቁጥር ላይ የመንሸራተቱን መጠን ደምሮ ወሰደው። ከእርሱ በኋላ የመጡት አብዛኞቹም እንዲሁ አደረጉ። በዚህ መንገድ በአሮጌው መዝገብ ውስጥ የነበረ ስህተት ከትውልድ ወደ ትውልድ አብሮ ይወረስ ነበር።

ኡሉግ ቤግ በመጋቢት 1394 በፋርስ ምድር ሱልጣኒያ በተባለች ከተማ ተወለደ። የተጸውዖ ስሙ ሙሐመድ ጠረጋይ ሲሆን፣ ኡሉግ ቤግ የሚለው መጠሪያ ታላቁ መስፍን እንደማለት ነው። አባቱ ሻህ ሩኽ፣ እናቱ ጎውሀር ሻድ፣ አያቱ ደግሞ ቲሙር ለንክ ነበር። ቲሙር ከሕንድ እስከ ሶርያና አናቶሊያ የዘመተ፣ ከተሞችን ያፈረሰ፣ ካፈረሳቸውም ከተሞች የእጅ ባለሙያዎችን ወደ መናገሻው ሰመርቀንድ ያጋዘ ኃይለኛ ድል አድራጊ ነው። ሕፃኑ ያደገው በዚህ የዘመቻ ሰፈር ውስጥ ነው። በ1405 ቲሙር ቻይናን ሊወጋ በጉዞ ላይ ሳለ ሞተ። ልጆቹና የልጅ ልጆቹም በሥልጣን ተፋጁ። በመጨረሻ ሻህ ሩኽ አሸንፎ መቀመጫውን ሄራት ላይ አደረገና በ1409 ሰመርቀንድን ለ15 ዓመት ልጁ ሰጠው።

አያቱ በሰይፍ የሰበሰበውን ሀብት የልጅ ልጁ በዕውቀት ላይ አዋለው። ከ1417 እስከ 1420 ባለው ጊዜ በሰመርቀንድ ሬጊስታን አደባባይ ታላቅ መድረሳ አሠራ። በቡኻራም ሌላ መድረሳ አቆመ፤ ዕውቀትን መፈለግ ግዴታ መሆኑን የሚያስተምረው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስም በዚያ መድረሳ በር ላይ ተቀርጿል። ሁለቱም ሕንፃዎች ዛሬም ቆመው ይታያሉ። በሰመርቀንዱ መድረሳ ከዲን ትምህርት ጎን ለጎን ሒሳብና የከዋክብት ዕውቀት ይሰጥ ነበር። ሁለቱን የሚለያይ ግድግዳ አልነበረም።

በዙሪያው የተሰበሰቡት ሰዎች ቀላል አልነበሩም። ከአናቶሊያ ከቡርሳ ቃዲ ዛዳ አር-ሩሚ መጣ። ከፋርስ ከካሻን ከተማ ጊያሱዲን ጀምሺድ አል-ካሺ መጣ፤ ይህ ሰው ፓይ የሚባለውን የክብ ዙሪያ ከዲያሜትሩ ጋር ያለውን ንጽጽር እስከ 16 የዴሲማል ቤት በትክክል ያሰላ ነው። ከወጣቶቹ መካከል ደግሞ ዓሊ ቁሽጂ ነበር።

አል-ካሺ ካሻን ለነበረው አባቱ የላከው ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ በዚያ ደብዳቤ ስለ ጉባኤው አካሄድ የተነገረው ነው። ገዥው አንድ ነገር በሚገባ ሳይገባ ማንም እንዳይስማማ አዝዞ ነበር። ለሥልጣኑ ሲል ሐሳቡን የተቀበለውን ሰው ይገሥጸው ነበር። አልፎ አልፎም ሆን ብሎ የተሳሳተ ነገር ያቀርብና በይሉኝታ የተቀበለው ካለ ጉዳዩን መልሶ አንስቶ ያሳፍረው ነበር። ውድ አንባቢ፣ ይህ የሆነው የቲሙር የልጅ ልጅ በተቀመጠበት ዙፋን ፊት መሆኑን ልብ ይሏል። ንጉሥ ፊት እውነት መናገር በሚያስፈራበት ዘመን፣ ንጉሡ ራሱ አዎ ባዮችን እየለቀመ ያሳፍር ነበር።

በ1420ዎቹ ዓመታት ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኝ ኮረብታ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ክብ የከዋክብት መመልከቻ ሕንፃ ተሠራ። ዋናው መሣሪያ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ፣ 40 ሜትር ያህል ራዲየስ ያለው ግዙፍ ቅስት ነበር፤ የታችኛው ክፍሉ የተሠራው ዐለት ተቦርቡሮ ከመሬት በታች ነው። ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ስትደርስ ብርሃኗ ከላይ በተተወ ቀዳዳ ገብቶ በቅስቱ ላይ ያርፋል፤ ተመልካቹም ያረፈበትን ምልክት ያነባል። ቅስቱ ትልቅ በመሆኑ አንዱ ዲግሪ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይዟል። መሣሪያው ይህን ያህል የገዘፈው በትንሽ መሣሪያ ላይ የማይታየው ጥቃቅን ልዩነት እንዲታይ ነው። የከዋክብቱ አቀማመጥ ደግሞ በሌሎች መሣሪያዎች ይለካ ነበር። ያን ጊዜ ቴሌስኮፕ አልተፈለሰፈም፤ ሥራው ሁሉ የተሠራው በሰው ዓይን ነው።

ሥራው ዓመታት ፈጀ። አል-ካሺ በ1429 ሞተ፤ ቃዲ ዛዳም ፍጻሜውን ሳያይ አለፈ። የቀረውን ከገዥው ጋር ሆኖ ከዳር ያደረሰው ዓሊ ቁሽጂ ነው። ውጤቱ ዚጀ ሱልጣኒ የተባለው መጽሐፍ ሲሆን፣ የከዋክብቱ መዝገብ የተዘጋጀው ለ1437፣ ማለትም ለ841 ሒጅራ ነው። መዝገቡ 1,018 ከዋክብትን ይዟል። በመግቢያው ላይ አስ-ሱፊ የሰጠው አቀማመጥ በዓይን ከሚታየው ጋር ስላልተስማማላቸው እንደገና መለካታቸው ተገልጿል። ከሰመርቀንድ የማይታዩትን 27 የደቡብ ከዋክብት ግን ከአስ-ሱፊ እንደወሰዱ በግልጽ ተናግረዋል። የለኩትን ለካን፣ የወሰዱትን ወሰድን ማለት የዐዋቂ ሰው ሥነ ምግባር ነው። ፀሐይ ከከዋክብት አንጻር ወደ ነበረችበት የምትመለስበትን ዓመትም 365 ቀን ከ6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ብለው አስልተዋል፤ ከዛሬው ልኬት ጋር ያለው ልዩነት አንድ ደቂቃ አይሞላም።

እስከዚህ የተናገርኩት ሁሉ ምስጋና ነው። የሰውን ሕይወት በሐቅ ለመናገር ግን ጉድለቱንም ማንሳት ይገባል። ኡሉግ ቤግ በጦር ሜዳ የተሳካለት ሰው አልነበረም፤ በ1427 በኡዝቤኮች ክፉኛ ተሸንፏል። አባቱ በ1447 ሲሞት የቲሙር ቤት እንደገና በሥልጣን ተፋጀ። በ1448 ሄራትን ሲይዝ ሠራዊቱ የከተማዋን ዳርቻ ዘርፏል፤ ይህ ከስሙ ጋር የሚኖር ጥቁር ነጥብ ነው። ከልጆቹ መካከል አብዱልአዚዝን ያስበልጥ ስለነበር ታላቁ ልጁ አብዱለጢፍ ቂም ያዘ። በ1449 መኸር አብዱለጢፍ አመፀና ከሰመርቀንድ አጠገብ በተደረገው ውጊያ አባቱን አሸነፈ። የተሸነፈው አባት ሐጅ ለማድረግ ፈቃድ ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም።

ፈቃዱ ግን ማታለያ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ አባቱ በኡሉግ ቤግ ትእዛዝ የተገደለበት ሰው ቂሳስ እንዲጠይቅ ተደረገ። የሞት ፈትዋ ተዘጋጅቶ ለከተማዋ ዐዋቂዎች ሲቀርብ ሁሉም ፈረሙ። አንድ ሰው ብቻ፣ ቃዲ ሚስኪን፣ አልፈርምም አለ። ኡሉግ ቤግ በ853 ሒጅራ በረመዳን ወር፣ ማለትም በጥቅምት 1449፣ ለሐጅ በወጣበት መንገድ ላይ ከሰመርቀንድ ብዙም ሳይርቅ ተገደለ። ዕድሜው 55 ነበር። በ1941 የሶቪየት ተመራማሪዎች መቃብሩን ሲከፍቱ የአንገቱ አጥንት በስለታም መሣሪያ የተቆረጠ መሆኑን አይተዋል። አባቱን ያስገደለው አብዱለጢፍም በዙፋኑ ላይ የቆየው ስድስት ወር ያህል ብቻ ነው፤ በ1450 እርሱም ተገደለ።

ይህን አሟሟት ሃይማኖት ሳይንስን እንደገደለ አድርገው የጻፉ ብዙዎች ናቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። ከዋክብቱን የለኩት ሰዎች በመድረሳ የሚያስተምሩ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ገንዘቡም የወጣው ከሙስሊም ገዥ ካዝና ነው። ልጅ አባቱን ያስገደለው ለዙፋን ነው፤ ቲሙር ሲሞት የተጀመረው መፋጀት ያስከተለው ነው። ነገር ግን ይህን ብዬ ዝም ብል ሐቁን ግማሽ ማድረግ ይሆንብኛል። በወረቀቱ ላይ የፈረሙት ሰዎች ያልተማሩ አልነበሩም። ዲኑን ያውቁ ነበር፤ እውነቱንም ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም። የፈረሙት ፈርተው ወይም ለአዲሱ ጌታ ለማደር ነው። ቃዲ ሚስኪን ያደረገውን ሁሉም ቢያደርጉት ኖሮ ግድያው የሸሪዓ ልብስ አይለብስም ነበር። በኡሉግ ቤግ ጉባኤ የሚያሳፍረው በይሉኝታ መስማማት፣ በመጨረሻ የራሱ የሞት ማዘዣ ሆነ።

ከእርሱ ሞት በኋላ መመልከቻው ተተወ፤ ፈረሰ፤ ቦታውም ተረሳ። በዐለቱ ውስጥ የተቀበረው የቅስቱ ክፍል የተገኘው በ1908 በተደረገ ቁፋሮ ነው። መጽሐፉ ግን አልሞተም። ዓሊ ቁሽጂ ኋላ ከሰመርቀንድ ወጥቶ በተብሪዝ በኩል ኢስታንቡል ደረሰ፤ በሱልጣን ሙሐመድ ፋቲሕ ዘመን በአያሶፍያ መድረሳ አስተምሮ በ1474 እዚያው ሞተ። የዚጁ ቅጂዎች በየአገሩ ተሠራጩ። በ1665 የከዋክብቱ መዝገብ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከላቲን ትርጉም ጋር ታተመ። የድንጋዩ ሕንፃ ከባለቤቱ ጋር ወደቀ፤ ተማሪ የተሸከመው ወረቀት ግን ባሕር ተሻገረ።

ከዚህ ሕይወት የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። አባቶችን ማክበር ያሉትን መድገም ብቻ አይደለም። ኡሉግ ቤግ አስ-ሱፊን ያከበረው መጽሐፉን ስሞ በመደርደሪያ ላይ በማስቀመጥ ሳይሆን፣ ይዞት ወደ ሰማይ በማንጋጠጥና ያልተስማማውን በማረም ነው። የዛሬዎቹ መንኮራኩሮችም የኡሉግ ቤግን ሥራ ያከበሩት ደግመው በመለካት ነው። ቁርኣን ሰማይን እንድናስተውል ደጋግሞ ያሳስበናል፤ ማስተዋል ደግሞ የእያንዳንዱ ትውልድ ሥራ እንጂ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚወረስ ርስት አይደለም።

ስለዚህ ለልጆቻችን የኡሉግ ቤግን ስም ስንነግራቸው ሒሳቡንም አብረን እናስተምራቸው። በመድረሳችን ሲጠይቁ አፋቸውን አናስይዝ፤ ያልገባቸውን ገብቶናል እንዲሉም አናስገድዳቸው። እኛም ያላጣራነውን ወሬ ሆነ ያላመንንበትን ፍርድ በይሉኝታ ከመፈረም እንቆጠብ። ያለፉት ሰዎች የሠሩትን ሠርተው ሄደዋል፤ የእኛ መዝገብ ገና እየተጻፈ ነው። አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን፣ ከዕውቀቱም ጋር ለእውነት የመቆም ጽናትን ይስጠን። ወላሁ አዕለም።