ዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪ፦ ሐኪም፣ መምህርት፣ እናት

የዘንድሮውን የተመራቂዎች መገናኛ መጽሔት የሚያዘጋጁት ጓደኞቻችን ከሙያችን ታሪክ አንድ ሰው መርጬ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጡት ፍሌሚንግና ኮኽ ነበሩ። ፈተና ላይ ስላሰቃዩን አንረሳቸውም። በኋላ ግን ሐሳቤን ቀየርኩና ማሪያ ሞንቴሶሪን መረጥኩ። ስሟን አዲስ አበባ ውስጥ በመዋዕለ ሕፃናት ሰሌዳ ላይ ያያችሁ ብዙ ናችሁ። ሐኪም እንደነበረች ግን እኔ ራሴ ያወቅሁት ተመርቄ ከወጣሁ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማሪያ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ በ1870፣ አንኮና አጠገብ በምትገኝ ኪያራቫሌ በተባለች የጣሊያን ከተማ ተወለደች። አባቷ አሌሳንድሮ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። እናቷ ሬኒልዴ መጽሐፍ የምትወድና አንድ ልጇ እንድትማር የምትሻ ሴት ነበረች። ቤተሰቡ ማሪያ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ወደ ሮም ተዛወረ። በዚያ ዘመን የተማረች ሴት ዕጣዋ አስተማሪነት ነበር፤ አባቷም የተመኘላት ይህንኑ ነው። እሷ ግን ወንዶች የሚበዙበት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባች፣ መሐንዲስ እሆናለሁ አለች፣ ከዚያም ሐሳቧን ለውጣ ሕክምና ካልተማርኩ ብላ ድርቅ አለች። አባት ተቆጣ፣ እናት ከልጇ ጎን ቆመች።

የአናቶሚ ክፍላችን ሽታ ዛሬም ትዝ የሚለው ሰው ቀጥሎ ያለውን ይረዳል። ሴት ልጅ ከወንዶች ጋር ሆና እርቃኑን የተኛ አስከሬን ማየቷ ነውር ነው ስለተባለ ማሪያ ወንዶቹ ከወጡ በኋላ ለብቻዋ እንድትሠራ ተፈረደባት። እኛ ስምንት ሆነን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እየተገፋፋን፣ እየቀለድን ያለፍነውን ነገር እሷ በመሸ ጊዜ ብቻዋን ከሬሳ ጋር ቆማ ነው የተማረችው። ሽታውን ለመቋቋም ትንባሆ ታጨስ ነበር ይባላል። በ1896 ሐምሌ ላይ ከሮም ዩኒቨርሲቲ በሐኪምነት ተመረቀች። የሀገሯ ጦር አድዋ ላይ ድል ከተነሳ ገና አራት ወር ማለፉ ነበር። ጣሊያን ውስጥ የሕክምና ዲግሪ ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴቶች አንዷ ሆነች።

ከተመረቀች በኋላ በዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ትሠራ ነበር። በዚያ ምክንያት የሮምን የአእምሮ ሕሙማን መጠለያዎች ትጎበኝ ነበር። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሕፃናት ከአዋቂ ሕሙማን ጋር ተዘግቶባቸው፣ የሚነኩትና የሚጫወቱበት አንዳች ነገር ሳይኖራቸው ይውሉ ነበር። ማሪያ እነዚህ ልጆች ከመድኃኒት ይልቅ ትምህርት ያስፈልጋቸዋል ወደሚል መደምደሚያ ደረሰች። ከእሷ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱትን የሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች የኢታርንና የሴጋንን ጽሑፍ አገላብጣ አነበበች። በ1900 ለእንዲህ ዓይነት ልጆች መምህራን የሚያሠለጥን ተቋም ሮም ውስጥ ሲከፈት፣ ከሥራ ባልደረባዋ ከዶክተር ጁሴፔ ሞንቴሳኖ ጋር በኃላፊነት ተመደበች።

እዚህ ላይ ነው የሕይወቷ ከባዱ ታሪክ ያለው። ማሪያና ሞንቴሳኖ ይዋደዱ ነበር። በመጋቢት ወር መጨረሻ 1898 ማሪዮ የሚባል ወንድ ልጅ ወለዱ። አልተጋቡም። በዚያ ጊዜ ያገባች ሴት ሥራዋን ትታ ቤት ትውላለች ተብሎ ነው የሚጠበቀው፤ ያላገባች እናት መሆኗ ከታወቀ ደግሞ ሐኪምነቱም መምህርነቱም ያበቃ ነበር። ስለዚህ ልጁ ገጠር ለምትኖር ሞግዚት ተሰጠ። የሕይወት ታሪኳን የጻፉት እንደሚሉት ሁለቱ ሌላ ሰው ላለማግባት ተስማምተው ነበር፤ ሞንቴሳኖ ግን በ1901 ሌላ ሴት አገባ። ማሪያ ተቋሙን ለቀቀች። ልጇን አልፎ አልፎ ሄዳ ታየው ነበር። ማሪዮ አንዲት ጥሩ የለበሰች ሴት እየመጣች እንደምታየው ያውቃል፤ እናቱ መሆኗን ግን የሚነግረው አልነበረም።

ይህን ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ከባቻችን ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሥራዬ የትምህርት ቤት ጤና ነው፤ ትራኮማ፣ የሆድ ትላትል፣ የዕይታ ምርመራ። መኪናው እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። አንዴ ፊልድ ከወጣሁ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ነው፤ ኔትወርክ የሚገኘው ተራራ ላይ ሲወጣ ነው። ልጄ ሦስት ዓመቷ ሳለ ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ ቤት ስገባ ሮጣ እናቴ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። እማዬ ብላ የምትጠራው አያቷን ሆኖ አገኘሁት። በነዚያ ሳምንታት የስንት መቶ ሕፃን የዓይን ቆብ ገልብጬ አይቻለሁ፤ የራሴ ልጅ ግን እንደ እንግዳ አየችኝ። ስለዚህ ማሪያን ለመፍረድ አልቸኮልኩም። ለማመስገንም አልቸኮልኩም።

ወደ እሷ ልመለስ። በጥር 1907 ሳን ሎሬንዞ በሚባል የሮም የድሆች ሰፈር ሌላ በር ተከፈተላት። አንድ ኩባንያ ያረጁ ሕንፃዎችን አድሶ ለሠራተኛ ቤተሰቦች አከራይቶ ነበር። ወላጆች ሥራ ሲወጡ ትምህርት ቤት ያልደረሱት ልጆች ደረጃውንና ግድግዳውን ያበላሻሉ። ኩባንያው የፈለገው ጠባቂ ነበር። ማሪያ ግን ጥሪውን ተቀብላ ከሃምሳ በላይ ሕፃናት ይዛ የልጆች ቤት የተባለውን ከፈተች። ወንበሩንና ጠረጴዛውን በሕፃን ቁመት አሠራች። ልጆቹን ከማዘዝ ይልቅ ቁጭ ብላ አየቻቸው፤ ሐኪም ምልክት እንደሚያይ። አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ አንድን ሥራ ራሱ መርጦ ደጋግሞ ሲሠራ፣ ዙሪያው ቢንጫጫም ቀና እንደማይል መዘገበች። አንድ ቀን አፍንጫ እንዴት በመሐረብ እንደሚጠረግ ስታሳያቸው ልጆቹ አጨበጨቡላት። ሁልጊዜ አፍንጫችሁን ጥረጉ ተብለው ይሰደባሉ እንጂ እንዴት እንደሚጠረግ ያሳያቸው ሰው አልነበረም ብላ አሰበች። እኔም ውሃ ባለበት ትምህርት ቤት ፊት መታጠብን ባሳየሁ ቁጥር ይህች ነገር ትዝ ትለኛለች።

በሁለት ዓመት ውስጥ ዘዴዋን በመጽሐፍ አወጣች፤ መጽሐፉ ወደ ብዙ ቋንቋ ተተረጎመ፤ መምህራን ከሩቅ ሀገር ወደ ሮም ይጎርፉ ጀመር። ማሪያም ሐኪምነቱን ትታ ሙሉ በሙሉ ለዚህ ሥራ ተሰጠች። ከዚያ በኋላ ሕይወቷ ሻንጣና ባቡር፣ መርከብና ሆቴል ነው።

በ1912 መጨረሻ እናቷ ሬኒልዴ ሞተች። ማሪያ ለዓመታት ጥቁር ለበሰች። ብዙ ሳይቆይ በአሥራዎቹ አጋማሽ የደረሰው ማሪዮ ወደ እሷ መጣ፤ እናቱ መሆኗን በራሱ ገምቶ አብሬሽ ልሂድ እንዳላት ይነገራል። ወሰደችው። ለሰው ግን ለብዙ ዓመታት የእኅቴ ልጅ ወይም ያሳደግሁት ልጅ እየተባለ ነው የተዋወቀው፤ ማሪያ ደግሞ እኅት አልነበራትም። በ1915 ሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ሕዝቡ ከውጭ በመስታወት እያየ ልጆች የሚማሩበት ክፍል ስታሳይ ማሪዮ አብሯት ነበር። በዚያው ዓመት አባቷ ሞተ፤ የሰማችው ከሀገሯ ርቃ ነው።

ከዚያ ወዲህ መኖሪያዋን ባርሴሎና አደረገች። ማሪዮ አግብቶ አራት ልጆች ወለደ፤ ማሪያ ለራሷ ልጅ ያልሆነችውን ለልጅ ልጆቿ ሆነች ማለት ይቻላል። የጣሊያንን ጉዳይ ግን አልሸፍንላትም። በ1920ዎቹ ሙሶሊኒ ትምህርት ቤቶቿን ደግፏል፤ እሷም ድጋፉን ተቀብላለች። የእኛን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቅር ያሰኛል። በኋላ በመምህራኑና በልጆቹ ላይ መንግሥት እጁን ሲያስገባ ተጣሉ፤ በ1934 ትምህርት ቤቶቿ ተዘጉ። በ1936 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ከባርሴሎና አስወጣት። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ላይ ቤት ንብረቷን ጥላ ከቤተሰቧ ጋር ሆላንድ ገባች።

በ1939፣ አብዛኛው ሰው ጡረታ ወጥቶ ፀሐይ በሚሞቅበት ዕድሜ፣ መምህራን ለማሠልጠን ከማሪዮ ጋር ወደ ሕንድ ሄደች። የልጅ ልጆቿ ሆላንድ ቀሩ። ጉዞው ለጥቂት ወራት የታሰበ ነበር፤ በጥቅሉ ሰባት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በ1940 ጣሊያን ጦርነቱን ስትቀላቀል እንግሊዞች ማሪዮን የጠላት ሀገር ሰው ብለው አሰሩት፤ እሷን ማድራስ አጠገብ ባረፈችበት ግቢ ወሰኗት። ሰባኛ ዓመቷን በሞላችበት ቀን ግን ከሕንድ እንደራሴ መልእክት መጣላት፦ የልደት ስጦታ እንዲሆን ልጇ ተፈትቷል። ለአርባ ዓመት ያህል በአደባባይ ልጄ ያላለችውን ሰው የጠላቶቿ መንግሥት ልጅሽ ብሎ መለሰላት። ሁለቱ አብረው ከአንድ ሺህ በላይ መምህራን አሠለጠኑ። በነዚያ የጦርነት ዓመታት ሆላንድ የቀሩትን የማሪዮን ልጆች የተንከባከበቻቸው አዳ ፒርሰን የምትባል ሴት ናት፤ በኋላ ማሪዮ አገባት።

ይህን ስም የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ማሪዮን በሕፃንነቱ ያጠባችው የገጠር ሴት ስም እኔ ባነበብኩት ሁሉ ጎልቶ አይታይም። የእኔን ልጅ ያሳደገችው እናቴም በየትኛውም የፕሮጀክት ሪፖርቴ ውስጥ የለችም። አበሉን እኔ ፈረምኩ፣ ምስክር ወረቀቱን እኔ ወሰድኩ። ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ፦ ሞንቴሳኖ ሥራና ልጅ ምረጥ ያለው ሰው አልነበረም። ሥራውን ሳይለቅ አገባ፣ የተከበረ ሐኪም ሆኖ ኖረ። ማሪያ ግን ሁለቱን በአንድ ላይ ለመያዝ የሚያስችል መንገድ ስላልነበራት አንዱን ደብቃ ያዘች። ዋጋውን በከፊል እሷ፣ በይበልጥ ግን ያልተጠየቀው ልጅ ከፈለ።

ከሕንድ ከተመለሰች በኋላም አላረፈችም። በ1949፣ በ1950 እና በ1951 ለኖቤል የሰላም ሽልማት ታጨች። በግንቦት 1952 ሆላንድ ውስጥ ኖርድቫይክ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሳለች አፍሪካ ሄዳ መምህራን ስለማሠልጠን ከማሪዮ ጋር ተነጋግራ ነበር ይባላል፤ እሱ ዕድሜዋን አይቶ ትቅር ቢል እሷ ከእንግዲህ አልጠቅምም ወይ ብላ ተከፋች። በዚያው ቀን፣ ግንቦት 6፣ አንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሶ ሞተች። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነበር። በኑዛዜዋ ላይ ንብረቷን ለማን እንደምትተው ስትገልጽ፣ በሕይወት ሳለች የሸሸገችውን ቃል ጻፈች፦ ልጄ ማሪዮ። እሱም እስኪሞት ድረስ ሥራዋን አስፋፋ። ጣሊያኖች ዩሮ እስኪገባ ድረስ በሺህ ሊሬ ብራቸው ላይ የእሷን ፊት አትመው ይዘው ነበር።

የማሪዮ ይቅርታ የማሪዮ ነው፤ እኔ በእሱ ፈንታ ይቅር ልላት አልችልም። ከእሷ የወሰድኩት አንድ ትንሽ ነገር ነው። ልጄ አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ አንድ ጉዞ ከአሥር ቀን እንዳይበልጥ ከአለቃዬ ጋር ተጨቃጭቄ ተስማምቻለሁ፤ በዚህም ምክንያት አንድ የኃላፊነት ቦታ አልፎኛል። ትምህርቷ በሚዘጋበት ጊዜ መንገዱ ደህና ከሆነ ይዣት እወጣለሁ። ባለፈው ዓመት ከአንድ ትምህርት ቤት ዛፍ ሥር ተቀምጣ ልጆቹን በተራ እያሰለፈች ስማቸውን ጻፈችልኝ። ቤት ስንመለስ የት እንደምሄድ ለአያቷ እሷ ነበረች የምታስረዳው።

በዚህ ዓመት ስንገናኝ እንደ ልማዳችን የት ነው የምትሠሩት፣ ስፔሻላይዝ አደረጋችሁ ወይ፣ ውጭ ናችሁ ወይ እየተባባልን እንጠያየቃለን። አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ ለወንዶቹም ጭምር ነው። እናንተ ሥራ ላይ ስትሆኑ ልጆቻችሁን ማን ያሳድግላችኋል? መልሱን ስትነግሩኝ ስሟንም ጨምራችሁ ንገሩኝ። የእኔዋን እናቴን በዕለቱ ይዣት እመጣለሁ፤ ከፊት ረድፍ አንድ ወንበር ያዙላት።